ፓርኪንሰን ያለባቸው ወላጆቻችን ሌሊት እንዲተኙ፣ ቀን እንዲነቁ፦ ዝርዝር መመሪያ

«አባባ መርሳት ጀመሩ» ይላል አንዱ። «በሽታው ወደ ጭንቅላታቸው ወጣ» ይላል ሌላው። ቤተሰብ ያዝናል፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል። ሌሊቱን እንዴት እንዳደሩ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። ሌሊት አራቴ የተነሳ ሰው ፓርኪንሰን ባይኖርበትም ቀን ይፈዛል፣ ቃል ይጠፋበታል፣ የጀመረውን ወሬ ይረሳል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 እ.ኤ.አ. ስለዚህ በሽታ ሲጽፍ የታማሚዎቹ እንቅልፍ እንደሚታወክ ያኔውኑ አስፍሮታል። ሕመሙ ዶፓሚን የተባለውን፣ ለእንቅስቃሴ የሚያስፈልገውን ኬሚካል የሚያመርቱትን የአንጎል ሴሎች ብቻ ሳይሆን እንቅልፍና ንቃትን የሚቆጣጠሩትንም ይነካል። ስለዚህ ከሐሳብ መዘግየቱ ከፊሉ ከራሱ ከበሽታው የሚመጣ ነው። እሱን ጥሩ እንቅልፍ አይመልሰውም። ከፊሉ ግን ከተቆራረጠ እንቅልፍ፣ ከማይስማማ መድኃኒት፣ ከኢንፌክሽን ወይም ከድብርት ይመጣል። ይሄኛው ሊስተካከል ይችላል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይለይ «አለቀላቸው» ማለት ግፍ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ለልጆችና ለአስታማሚዎች የተጻፈ ነው። ሰዓቱ ሁሉ በሀገር ቤት አቆጣጠር ነው። የመድኃኒት መጠን መቀየር የሐኪም ሥራ ነው፤ የእናንተ ሥራ ሐኪሙ የማያየውን ሌሊት ማሳየት ነው።

1. ደብተር ግዙና ሁለት ሳምንት ጻፉ

ይህን እርምጃ አትዝለሉት። ሐኪም ቤት ገብታችሁ «እንቅልፍ እምቢ አላቸው» ብትሉ የእንቅልፍ ክኒን ይዛችሁ ልትወጡ ትችላላችሁ። ችግሩ ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

የሚጻፈው አጭር ነው፦ ስንት ሰዓት ተኙ፣ ስንት ሰዓት ነቁ፣ ምን አነቃቸው፣ ምን አሉ፣ ምን አደረጉ፣ ክኒን ስንት ሰዓት ዋጡ፣ ቀን መቼ አሸለባቸው። አንድ ገጽ ለምሳሌ ይህን ሊመስል ይችላል፦

*ማታ 1፡00 የመጨረሻ ክኒን። 3፡00 ተኙ። ሌሊት 6፡20 ሽንት። 8፡00 መዞር አቅቷቸው ጠሩኝ፣ አዞርኳቸው። 9፡40 «ያዘው! ያዘው!» ብለው ጮኹ፣ ግድግዳውን በቡጢ መቱ። ስቀሰቅሳቸው ሌባ እያባረሩ ነበር። 11፡30 የግራ እግር ጣቶች ተጣጠፉ፣ ሕመም። ጠዋት 1፡00 ክኒን። 1፡45 እግሩ ተፈታ። ከሰዓት 7፡30 ሬዲዮ እየሰሙ አንቀላፉ፣ 9፡15 ነቁ። ማታ የእኅቴን ስም ፈልገው አጡ።*

ይህን አንድ ገጽ አብረን እናንብበው። የ8፡00ውና የ11፡30ው ችግር አንድ ምንጭ አለው፤ የመድኃኒት ማለቅ። ከማታ 1፡00 እስከ ጠዋት 1፡00 ድረስ 12 ሰዓት ሙሉ ሰውነታቸው አዲስ ሌቮዶፓ፣ ማለትም ዶፓሚንን የሚተካውን ዋናውን የፓርኪንሰን መድኃኒት፣ ሳያገኝ ቆይቷል። ተራው ሌቮዶፓ ደግሞ የሚሠራው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ሲያልቅ ጡንቻ ይገተራል፣ ሰውነት እንደ ግንድ ይከብዳል፣ ወደ ንጋት ላይ እግር ይኮማተራል። ይህ ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ ነው። ምናልባት ወደ መኝታ የሚጠጋ ክኒን ወይም ቀስ እያለ የሚለቅ ዓይነት ያዝላቸው ይሆናል።

የ9፡40ው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወደ እሱ እንመጣለን። የ6፡20ው ሽንት ሦስተኛ ነው። የማታው ስም መጥፋትም ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። እንዲህ ያለ ሌሊት ያሳለፈ ሰው ስም ቢጠፋበት ምን ይገርማል?

አብሯቸው የሚተኛ ካለ ሁለት ነገር ጨምሩ። አንደኛው፣ በኃይል ያንኮራፋሉ ወይ? መሃል ላይስ ትንፋሻቸው ቆሞ እንደ መታነቅ ብለው ይነቃሉ ወይ? ከሆነ በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቋረጥ ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት። ይህ ችግር ትኩረትንና ማስታወስን በራሱ ያዳክማል፤ በአየር መግፊያ ማስክ ይታከማል። ሁለተኛው፣ ማታ ጋደም ሲሉ እግራቸውን «ያቁነጠንጠኛል» ይላሉ ወይ? ተነስተው ሲራመዱስ ይሻላቸዋል? ከሆነ የብረት ክምችታቸውን የሚያሳየውን ፌሪቲን የሚባለውን የደም ምርመራ አስታውሱ። የብረት ማነስ ይህን ያባብሳል።

2. መድኃኒቱን ሁሉ ፌስታል ውስጥ ክተቱ

ሁሉን ማለት ሁሉን ነው። የራስጌው ኮመዲኖ ላይ ያለውን፣ ጎረቤት ያመጣውን፣ ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣውን። ፌስታሉን ይዛችሁ ወደ ሐኪሙ ወይም ወደ ፋርማሲስቱ ሂዱ። በእኔ እምነት ከምርመራ ማሽን በፊት ብዙ ነገር የሚታየው እዚህ ፌስታል ውስጥ ነው።

በቅድሚያ የምትፈልጉት ትራይሄክሲፌኒዲል ነው። ብዙ ሰው አርቴን ብሎ ያውቀዋል። መንቀጥቀጥን ይቀንሳል፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ግን አሴቲልኮሊን የተባለውን፣ ለማስታወስና ለትኩረት የሚያስፈልገውን የአንጎል ኬሚካል ይዘጋል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ መደናገርን፣ መርሳትን፣ የሌለ ነገር ማየትን ሊያመጣ ይችላል። ለድብርትና ለሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊንም በዚህ በኩል ዘመዱ ነው። ለሽንት የሚሰጠው ኦክሲቡቲኒንም እንዲሁ።

ከሻንጣ የሚወጡት ደግሞ አሉ። ታይለኖል ፒኤም፣ አድቪል ፒኤም የመሳሰሉት «ለሕመም» ተብለው ይላካሉ። «ፒኤም» የምትለዋ ዳይፈንሃይድራሚን የተባለ እንቅልፍ የሚያስወስድ መድኃኒት አለበት ማለት ነው። እሱም ያንኑ ኬሚካል ይዘጋል። ልጅ በፍቅር ልኮት አባት በማግስቱ ደንግዘው ይውላሉ። ላኪዎች ሆይ፣ ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ።

ሌላው ቡድን ዶፓሚንን ራሱን የሚዘጋው ነው። ለማቅለሽለሽና ለማስመለስ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ማለትም ፕላሲል፣ አንዱ ነው። ፕሮሜታዚንም አለ። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ይጨመራሉ። ፓርኪንሰን ላለበት ሰው እነዚህ መገተሩን ያብሱታል። ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ «ፓርኪንሰን አለባቸው፣ ፕላሲልና ሃሎፔሪዶል አይስማማቸውም» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። በወረቀት ጽፋችሁ ቦርሳቸው ውስጥ ብትከቱት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።

የራሱ የፓርኪንሰን መድኃኒቶች የሚወሰዱበት ሰዓትም ይታይ። ሴሌጂሊን ማታ ከተዋጠ እንቅልፍ ይነሳል፤ ጠዋት ነው ቦታው። አማንታዲንም እንቅልፍ ሊነሳ ይችላል። ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል በተቃራኒው ቀን ላይ ድንገት ጥልቅ የሚያደርግ እንቅልፍ ሊያመጡ ይችላሉ። በወሬ መሃል ወይም በምግብ መሃል ሰውየው ጭልጥ ይላሉ። ይህ የታየባቸው ሰው ሐኪም እስኪያያቸው ድረስ መኪና አይንዱ።

አንድ ጥብቅ ነገር፦ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አንዱንም በራሳችሁ በድንገት አታቁሙ። በተለይ ሌቮዶፓ በአንዴ ሲቋረጥ ከባድ መገተርና ከፍተኛ ትኩሳት ሊያስከትል ይችላል፣ ለሕይወትም ያሰጋል። ጸበል ለመሄድ ያሰቡ ካሉም ክኒኑን ይዘው ይሂዱ። በረመዳንም ሆነ በረጅም ጾም ክኒን ከመዝለል በፊት ሐኪምንና የሃይማኖት አባትን ማማከር ይገባል፤ ለታመመ ሰው ሃይማኖቱ ራሱ መንገድ አለው።

3. አልጋውን እንደገና አንጥፉ

ብዙ ፓርኪንሰን ያለባቸው ሰዎች ሌሊት የሚነቁት መዞር ስለሚያቅታቸው ነው። የእኛ ቤት አልጋ ደግሞ ለዚህ አይመችም። መሃሉ የሰረጎደ ስፖንጅ ፍራሽ፣ ከላይ ሁለት ብርድ ልብስ፣ በዚያ ላይ ተጠቅልለው የሚተኙበት ጋቢ። ጋቢው ከብርድ ልብሱ ጋር ይያያዛል። ጤነኛ ሰው ሳያስበው ያላቅቀዋል። እሳቸው ግን እዚያው ተተብትበው ይቀራሉ።

ፍራሹ ጠንከር ያለ ይሁን። ጋቢው ከእግራቸው በኩል ይታጠፍ ወይም ለጠዋት ይቆይ። በክብደት ፋንታ ቀላልና የሚሞቅ ልብስ ፈልጉ። ከትከሻ እስከ ጭን ባለው ቦታ ላይ የሚያንሸራትት ሳቲን ጨርቅ አንጥፉና ዳርና ዳሩን ፍራሹ ሥር በደንብ አስገቡ። ከእግር በኩል ተራው የጥጥ አንሶላ እንዳለ ይቆይ፤ ተረከዛቸው የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ሳቲን አንሶላ ከሳቲን ፒጃማ ጋር ግን አታጣምሩ። ተንሸራተው ይወድቃሉ።

አዟዟሩን ቀን ላይ፣ መድኃኒቱ ሲሠራ አለማምዷቸው። ጉልበታቸውን አጥፈው እግራቸውን ፍራሹ ላይ ያቆማሉ። ፊታቸውን ወደሚዞሩበት ጎን ያደርጋሉ። የማዶውን ክንድ ወደዚያው ያሻግራሉ። ከዚያ ጉልበታቸውን ወደ ጎን ይለቁታል፣ ዳሌ ይከተላል። ለመነሳት ደግሞ በጎን ከሆኑ በኋላ እግራቸውን ከአልጋው ያወርዱና በክርናቸው ይገፋሉ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ መቁጠር ያግዛል።

ተነስተው ወዲያው አይቁሙ። ጥቂት ጊዜ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጡ። በፓርኪንሰን ሲቆሙ የደም ግፊት መውደቅ የተለመደ ነው፤ መውደቅንም፣ የሐሳብ መደብዘዝንም ያመጣል። ቤት ውስጥ የግፊት መለኪያ ካለ ተኝተው አንዴ፣ ቆመው ከሦስት ደቂቃ በኋላ አንዴ ለኩ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ደብተሩ ላይ አስፍሩት።

ለሽንቱ፦ ከመኝታ በፊት ባሉት ሦስት ሰዓታት ሻይም፣ ውሃም፣ ሾርባም ይቀንስ። የቀኑን ውሃ ግን አትቀንሱ፤ የሆድ ድርቀት ይመጣል፣ የሆድ ድርቀት ደግሞ ክኒኑን ያዘገያል። እግራቸው የሚያብጥ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ከፍ አድርገው ይጋደሙ። ፖፖ ከአልጋው አጠገብ ይቀመጥ። «እኔ በፖፖ?» ብለው ከተቆጡ ወደ መጸዳጃው የሚወስደው መንገድ ላይ ትንሽ መብራት አድርጉ፣ ምንጣፉንም አንሱ።

4. በሕልማቸው የሚጣሉ ከሆነ

አሁን ወደ 9፡40ው እንመለስ። ሰው ሕልም በሚያይበት፣ ሬም በሚባለው የእንቅልፍ ክፍል፣ አንጎል ጡንቻዎችን ይቆልፋል። በሕልማችን ብንሮጥም እግራችን አይንቀሳቀስም። ፓርኪንሰን ባለባቸው ብዙ ሰዎች ይህ ቁልፍ ይበላሻል። ስለዚህ ይጮኻሉ፣ ይማታሉ፣ ይራገጣሉ፣ ከአልጋ ይወድቃሉ። ይበልጥ የሚታየው በሌሊቱ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚኒሶታ ካርሎስ ሼንክና ማርክ ማሆዋልድ የተባሉ ሐኪሞች ራሱን የቻለ ሕመም አድርገው ገለጹት።

እኛ ዘንድ ይህ ቅዠት ይባላል፤ አንዳንዴም ክፉ መንፈስ። እማማ «ድሮ እንኳ እንዲህ ነበር፣ ከመንቀጥቀጡ በፊት» ካሉ እመኗቸው። ከሌሎቹ ምልክቶች ብዙ ዓመታት ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ከሐሳብ ጉዳይ ጋርም ይገናኛል። ይህ ያለባቸው ታማሚዎች ከሌላቸው ይልቅ ወደ ፊት የማስታወስና የማሰብ መዳከም የመግጠማቸው ዕድል ከፍ ያለ ነው። ይህን የምለው ለማስፈራራት ሳይሆን ክትትሉን አጥብቁ ለማለት ነው።

መጀመሪያ አካባቢውን ከአደጋ ነጻ አድርጉ። ከአልጋው አጠገብ ብርጭቆ፣ ሹል ኮመዲኖ፣ ዱላ አይኑር። ግድግዳው በትራስ ይሸፈን፣ ወለሉ ላይ ፍራሽ ይነጠፍ። ባለቤታቸው ለጊዜው ሌላ አልጋ ላይ ቢተኙ ነውር የለውም። ስትቀሰቅሷቸው ራቅ ብላችሁ በስማቸው ጥሩ። እጃቸውን ከያዛችሁ የሕልሙ ሌባ እናንተ ትሆናላችሁ።

ቀጥሎ ለሐኪሙ ንገሩ። ፍሉኦክሰቲንን የመሳሰሉ የድብርት መድኃኒቶች ሊያባብሱት ስለሚችሉ የሚወስዱ ከሆነ ይህንንም ንገሩት። ለሕክምና ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ሜላቶኒን በተባለው የእንቅልፍ ሆርሞን ነው። ክሎናዜፓምም ይሠራል፤ ግን ያዞራል፣ ይጥላል፣ ሐሳብን ያደበዝዛል፣ የትንፋሽ መቋረጥ ላለበትም አደገኛ ነው። ሜላቶኒን አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ወረቀት ይሸጣል፣ ዘመድም ይልከዋል። ቢሆንም በብልቃጡ ላይ የተጻፈው መጠንና ውስጡ ያለው የማይገጥምበት ጊዜ ስላለ መጠኑን በሐኪም አስወስኑ።

5. ቀኑን አስተካክሉ

ጠዋት ፀሐይ ይውጡ። ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ። አዲስ አበባ ለሚኖሩ በነጻ ነው። በክረምቱ ስቶክሆልም ወይም ሚኒያፖሊስ ላላችሁ 10,000 ሉክስ የሚሰጥ የብርሃን መብራት አለ፤ የዓይን ሕመም ካለ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የቀን እንቅልፍ ከ8 ሰዓት በፊት፣ ከግማሽ ሰዓት ያልበለጠ ይሁን። ቡናም ከ8 ሰዓት በኋላ ይቁም፤ አቦሉም በረካውም። ጎረቤት ማታ ቡና ከጠራ ይሂዱ፣ ጨዋታው አይቅርባቸው። ሲኒው ብቻ ይለፋቸው።

ለኪዳን ወይም ለሱብሂ በሌሊት የሚነሱ ከሆነ ይህን እንደ እንቅልፍ ማጣት አትቁጠሩት። ለዘመናት የኖሩበት ነው። የመኝታ ሰዓታቸውን ቀደም አድርጉት፣ የመጀመሪያውን ክኒን ሰዓትም ከሐኪሙ ጋር አስማሙት።

ክኒኑ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ወይም ከበሉ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢወሰድ የተሻለ ይሠራል። ፕሮቲን ከሌቮዶፓ ጋር ይሻማል። ሥጋና ዕንቁላል ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የጾሙ ሽሮና ምስርም ፕሮቲን ነው።

መንቀሳቀስ የግድ ነው። የእግር ጉዞ ይሁን፣ እስክስታ ይሁን፣ ደስ ያላቸውን።

6. ሐሳባቸውን በአንድ ዓይነት መንገድ ለኩ

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ክኒን ከዋጡ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ። ወራትን ከጳጉሜን ወደ መስከረም ወደ ኋላ ይቁጠሩላችሁ። ስንት ሳቱ? ምን ያህል ጊዜ ወሰደ? ቀጥሎ አንድ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል ይንገሯችሁ፦ ቡና ማፍላት፣ ጎማ መቀየር፣ የሚያውቁትን። ከጎኑ ሌሊቱ እንዴት እንደነበር ጻፉ። ጥሩ ካደሩ በኋላ ደህና፣ ክፉ ካደሩ በኋላ የሚወርድ ከሆነ እንቅልፉ ላይ ሥራ አለ ማለት ነው። ይህ ምርመራ አይደለም፤ የክፍል ፈተናም አታስመስሉት።

በፓርኪንሰን ቀድሞ የሚደክመው ብዙውን ጊዜ ማቀድ፣ ትኩረትና የቦታ ግምት ነው። ትዝታው ውስጥ አለ፤ ለማውጣት ይዘገያል። የልጅ ልጃቸው ስም ሲጠፋባቸው «መቅ...» ስትሏቸው «መቅደስ!» ካሉ ስሙ አልጠፋም። ስለዚህ ጊዜ ስጧቸው። አረፍተ ነገራቸውን አትጨርሱላቸው። ሁለት ጥያቄ ባንዴ አትጠይቁ።

ሐኪም ቤት ሞካ የሚባል፣ ከ30 የሚታረም ፈተና ሊሰጣቸው ይችላል። ከ26 በታች ሲሆን ተጨማሪ ምርመራ ይታሰባል። ትምህርት ቤት ላልገቡ እናት ግን ይህን ቁጥር እንዳለ መውሰድ ያሳስታል፤ የትምህርታቸውን ደረጃ ንገሩ። የቢ12፣ የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራም ጠይቁ። ሌቮዶፓ ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች ላይ የቢ12 ማነስ ይታያል፤ ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚርቁ ደግሞ ይበልጥ ይጋለጣሉ። እውነተኛ የመርሳት ሕመም ከተገኘም ሪቫስቲግሚን የተባለ መድኃኒት አለ። ሁሉን አይመልስም፣ ለአንዳንዶች ግን ያግዛል።

7. በዚህ ጊዜ ቀጠሮ አትጠብቁ

ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ ቀኑ ከጠፋባቸው፣ ልጃቸውን ካላወቁ፣ ሲያነቁአቸው የማይነቁ ከሆነ፣ ይህ የበሽታው እድገት አይደለም። ፓርኪንሰን በአንድ ሌሊት እንዲህ አይዘልም። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የውሃ ማነስ፣ ከባድ የሆድ ድርቀት፣ የጭንቅላት ምት ወይም አዲስ መድኃኒት ይፈለግ። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት።

«ጥግ ላይ የተቀመጠው ልጅ ማነው?» ማለት ቀስ በቀስ ከመጣ ግን ሌላ ነው። አትከራከሩ፣ አታላግጡም። «እኔ አይታየኝም፣ እዚህ አለሁልዎት» በቂ ነው። መብራት አብሩ፣ ጻፉት፣ ለሐኪሙ ንገሩ። መጀመሪያ የሚታየው ያ የመድኃኒት ፌስታል ነው። መድኃኒት ካስፈለገ በትንሽ መጠን ኩዌቲያፒን ወይም በደም ምርመራ ክትትል ክሎዛፒን ይሰጣል።

8. አንድ በአንድ ቀይሩ፣ እናንተም ተኙ

በአንድ ሳምንት ፍራሹንም፣ ቡናውንም፣ ክኒኑንም ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። አንዱን ቀይሩ፣ ደብተሩ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ሁለት ሳምንት ተመልከቱ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ እለፉ። አደጋ ያለበት ብቻ ወዲያው ይስተካከል።

ሌሊቱን ሁሉ አንድ ሰው አይሸከመው። ብዙ ቤት ይህ ሸክም ያላገባችው ልጅ ላይ ይወድቃል፤ ሌሎቹ ስልክ ይደውላሉ። ተራ አውጡ። ውጭ ያለው ልጅ በሳምንት ሁለት ሌሊት ለሚያድር አስታማሚ ቢከፍል ከሚልከው ክኒን ይበልጥ ይጠቅማል። አዲስ አበባ ላላችሁ፣ ራሳቸው ከፓርኪንሰን ጋር የሚኖሩት ወይዘሮ ክብራ ከበደ የመሠረቱት የፓርኪንሰን ሕሙማንን የሚረዳ ድርጅት አለ፤ ጎራ በሉ። ለሐኪሙ የምትሰጡት ደግሞ ሙሉ ደብተሩን ሳይሆን ከላዩ አንድ ገጽ ነው፦ ሌሊት በአማካይ ስንት ጊዜ ይነቃሉ፣ ዋናው ምክንያት ምንድነው፣ የመጨረሻው ክኒን ስንት ሰዓት ነው፣ በሕልም ይማታሉ ወይ፣ ቀን ምን ያህል ይተኛሉ፣ ሐሳባቸው ከመቼ ጀምሮ ተለወጠ።